ወፍራም ጂኦሜትሪያዊ ፊደል፦ መልኩና የሚበጅበት ቦታ (ከጌዴኦ ዞን የቦታ ስሞች በመነሣት)

1. መግቢያ

ስለ ሥነ ጽሑፍ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ታሪኩን፣ ቋንቋውን፣ ዘይቤውንና ጭብጡን ነው። ጽሑፉ ለዓይን የሚቀርብበትን መልክ ግን የአታሚው ጉዳይ ነው በማለት እናልፈዋለን። ይሁን እንጂ አንባቢ ከቃሉ ትርጉም አስቀድሞ የሚያገኘው የፊደሉን ቅርጽ ነው። ቅርጹ ከደበዘዘ ወይም ከተደፈነ ትርጉሙም አብሮ ይደበዝዛል። አናባቢው ከተነባቢው አካል ጋር ተጣብቆ በሚጻፍበት በእኛ ፊደል ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዛሬ በማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመጽሐፍ ሽፋንና በጋዜጣ ርእስ ላይ በብዛት የሚታየውን ወፍራም ጂኦሜትሪያዊ የኅትመት ፊደል ምንነት ማብራራት፣ ይህ መልክ በግዕዝ ፊደል ላይ ሲውል የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ጉዳት መመርመር፣ በመጨረሻም የሚበጅበትንና የማይበጅበትን ቦታ ለይቶ ማመልከት ነው። ለማሳያነት የተመረጡት በዋናነት የዲላና የአካባቢዋ የቦታ ስሞች ናቸው። ለምርጫው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ «ዲላ»፣ «ጌዴኦ»፣ «ቡሌ»፣ «ኮቸሬ»፣ «ይርጋጨፌ» የሚሉት ስሞች ሣልስና ኀምስ ፊደላት የሚገኙባቸው በመሆናቸው ለምንመረምረው ችግር ተስማሚ መፈተኛ ናቸው። ሁለተኛ፣ በጌዴኦ ዞን አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ የጌዴኦ ቋንቋ (ጌዴኡፋ) ደግሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ፣ ሁለት የጽሕፈት ሥርዓቶችን በአንድ ሰሌዳ ላይ የማስማማት ጥያቄ በየዕለቱ የሚነሣበት ሥፍራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ልዩ ምልክት የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አላቸው።

2. «ወፍራም»፣ «ጂኦሜትሪያዊ» እና «ሰሪፍ አልባ» ማለት ምን ማለት ነው?

የምንነጋገርበት የፊደል መልክ ሦስት መለያዎች አሉት። እያንዳንዳቸውን ነጥሎ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው ሰሪፍ አልባነት ነው። ሰሪፍ የሚባለው በላቲን ፊደል ጭረቶች ጫፍ ላይ የሚወጣ ትንሽ እግር መሳይ ቅጥያ ነው። ይህ ቅጥያ ሲቀር ጭረቱ እንደ ተቆረጠ ዘንግ ቀጥ ብሎ ያበቃል። እንዲህ ያለው መልክ በኅትመት ፊደልነት የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ ሲሆን፣ አገልግሎቱም በመጀመሪያ ለርእስና ለግድግዳ ማስታወቂያ ነበር።

ሁለተኛው ጂኦሜትሪያዊነት ነው። ፊደሉ የተሠራው የእጅን እንቅስቃሴ በመከተል ሳይሆን በክብ፣ በአራት ማዕዘን፣ በሦስት ማዕዘንና በቀጥተኛ መስመር ላይ ተመሥርቶ ነው ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ፊደል ታዋቂ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1927 የጀርመኑ ፓውል ሬነር ነድፎት በፍራንክፈርቱ ባወር የፊደል ማቅለጫ ድርጅት የወጣው ፉቱራ ነው። በዚያው ዓመት የሩዶልፍ ኮኽ ካብል የተባለው ፊደል ወጥቷል። የነዚህ ፊደላት ሐሳብ አዲሱ ዘመን የብዕርን ትዝታ የማይሸከም፣ ግልጽና ጥርት ያለ መልክ ያስፈልገዋል የሚል ነበር።

ሦስተኛው ውፍረት ነው። የጭረቱ ውፍረት ከፊደሉ ቁመት ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ሲሆን ፊደሉ ወፍራም ወይም ደማቅ ይባላል። ውፍረት ፊደሉን ከሩቅ እንዲታይ ያደርገዋል። ነገር ግን የተጨመረው ቀለም ከየትም አይመጣም፤ ከፊደሉ ሆድ፣ ማለትም በጭረቶች መካከል ካለው ባዶ ቦታ ተወስዶ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመን የምንመለስበት ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ ፊደል የሚነበበው በጥቁሩ ብቻ ሳይሆን በነጩም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ይገባል። ጂኦሜትሪያዊ ፊደል በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የተሣለ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በተግባር ግን ጥሩው ጂኦሜትሪያዊ ፊደል ዓይንን ለማስደሰት ሲባል ከጂኦሜትሪ በብዙ ቦታ ያፈነግጣል። ክብ ቅርጽ ከአራት ማዕዘን ቅርጽ ጋር በልክ እኩል ቁመት ከተሰጠው ለዓይን አጥሮ ይታያል፤ ስለዚህ ከላይኛውና ከታችኛው መስመር ጥቂት እንዲያልፍ ይደረጋል። አግዳሚ ጭረት ከቋሚ ጭረት ጋር በልክ እኩል ከሆነ ወፍሮ ይታያል፤ ስለዚህ ጥቂት ይቀጥናል። ሁለት ጭረቶች በሚገናኙበት ማዕዘን ጥቁረት ስለሚከማች ጭረቱ ወደ መገናኛው ሲቃረብ እንዲሳሳ ይደረጋል። ፉቱራም ቢሆን እነዚህን ማስተካከያዎች ያደረገ ፊደል ነው።

3. ጉልህ ጽሕፈት በእኛ ታሪክ

ወፍራም ፊደል ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይሆንም። የብራና መጻሕፍትን የጽሕፈት ስልት የሚያጠኑ ሊቃውንት ከሚለዩአቸው ስልቶች መካከል «ጉልሕ» እና «ረቂቅ» የሚባሉት ይገኛሉ። ረቂቁ ደቃቅና ጠበብ ያለ ሲሆን፣ ጉልሑ ትልቅ፣ ሰፊና ግልጽ ነው። «ጉልህ» የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛም ትልቅነትን፣ ግልጽነትንና ከሩቅ መታየትን አንድ ላይ የሚገልጽ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ቃሉ ውፍረትን ለብቻው አያመለክትም። የቀድሞ ጸሐፊዎች ፊደልን ጉልህ የሚያሰኘው ጭረቱም ክፍተቱም ተመጣጥነው ሲሰፉ መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ይቻላል።

የብራናው ፊደል መልኩን ያገኘው ከመቃ ብዕር ነው። ጫፉ ጠፍጠፍ ተደርጎ የተቀረጸ ብዕር ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ይተዋል። ስለዚህ የ«በ» ሁለት እግሮች ወፍራም፣ አናቱ ቀጭን ሆኖ ይገኛል። ይህ ልዩነት ለጌጥ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ቀጭኑ ጭረት በፊደሉ ውስጥ አየር ስለሚያስገባ ትንንሾቹ የአናባቢ ምልክቶች ቦታ እንዲያገኙ ያደርጋል።

የኅትመት ፊደሉም ይህንኑ መልክ ወረሰ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ቄስ በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም የተጠቀመበት ፊደል የብራናን ጽሕፈት ለመምሰል የተቀረጸ ነበር። በአገር ውስጥም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በተስፋፋው የእርሳስ ፊደል ኅትመት የብዕሩ ወፍራምና ቀጭን ጭረት መለያየት ሳይጠፋ ቆይቷል።

በእርሳስ ፊደል ዘመን የወፍራም ፊደል ዓይነት እንዳይበዛ ያደረገ ግልጽ ምክንያትም ነበር። የላቲን አታሚ ትልቁንና ትንሹን ሆሄ ቢደምር መሠረታዊ ፊደላቱ 52 ናቸው። የግዕዝ አታሚ ግን 33ቱን ፊደላት በሰባት ሲያባዛ 231 ቅርጾችን ያገኛል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ይበልጥ ከፍ ይላል። ለእያንዳንዱ መጠንና ለእያንዳንዱ ውፍረት ይህን ሁሉ እንደገና ማስቀረጽ ከባድ ወጪ ነበር።

ሌላም ልዩነት አለ። የላቲን ጸሐፊ አንድን ቃል ለማጉላት ትልቅ ሆሄን ወይም ዘንበል ያለ ፊደልን መጠቀም ይችላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ሆሄ የለውም፤ ዘንባላ ፊደልም ከጽሕፈት ባህላችን የወጣ አይደለም። በብራናው ዘመን ርእስና የከበረ ስም የሚለየው በቀይ ቀለም ነበር። ኅትመት ቀዩን ቀለም ባስቀረበት ቦታ ሁሉ የማጉላቱ ሸክም ያረፈው በመጠንና በውፍረት ላይ ነው። እንግዲህ ወፍራም ፊደል ለአማርኛ ኅትመት የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን ቀይ ቀለምና ትልቅ ሆሄ የሚሠሩትን ሥራ ጠቅልሎ የያዘ መሣሪያ ነው። በአግባቡ መሠራቱ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው።

4. የግዕዝ ፊደል በጂኦሜትሪ ሲለካ

ፊደላችንን ለተመለከተ ሰው ጂኦሜትሪው ሩቅ አይደለም። «ዐ» ክብ ነው። «ፀ» በአግዳሚ መስመር የተከፈለ ክብ ነው። «ቀ» ክብና ቋሚ ዘንግ ነው። «ተ» መስቀል ነው። «ሀ» ወደ ላይ የተከፈተ ጽዋ ሲሆን፣ «ሠ» ያው ጽዋ መካከሉ ላይ ዘንግ ሲጨመርበት ነው። «በ» ሁለት እግር ያለው በር፣ «ሐ» ሦስት እግር ያለው በር ይመስላል። ስለዚህ የተነባቢዎቹን መሠረታዊ አካል በክብና በቀጥተኛ መስመር ወፍራም አድርጎ መንደፍ የሚቻል ብቻ ሳይሆን የሚያምርም ነው። ከላይ የተጠቀሱት ማስተካከያዎች እዚህም ይሠራሉ፤ «ዐ» ከ«በ» አጠገብ ሲቆም አጥሮ እንዳይታይ ከመስመሩ ትንሽ ማለፍ ይኖርበታል።

ችግሩ የሚጀምረው ከግዕዙ ወደ ካዕብና ወደ ሌሎቹ ስንሻገር ነው። በእኛ ፊደል ተነባቢው ያለው በፊደሉ ትልቅ አካል ላይ ነው፤ አናባቢው ግን ያለው በትንሹ አካል ላይ ነው። ካዕቡ «ቡ» ከእግሩ ወገብ ላይ አጭር ቅጥያ ያወጣል። ሣልሱ «ቢ» ያንኑ ቅጥያ ከእግሩ ግርጌ ያወጣል። ኀምሱ «ቤ» በግርጌው ቀለበት ይይዛል። ራብዑ «ባ» ግራ እግሩ ያጥራል፤ ሳብዑ «ቦ» ቀኝ እግሩ ያጥራል። አንድን ፊደል ስናወፍር ትልቁ አካል ይጠነክራል፤ ትንሹ አካል ግን ይታፈናል። በሌላ አነጋገር ወፍራም ጂኦሜትሪያዊ ፊደል ተነባቢውን ሲያጎላ አናባቢውን ለአደጋ ያጋልጣል።

ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ኀምሱ ነው። ቀለበቱ በራሱ ትንሽ ስለሆነ ጭረቱ በወፈረ ቁጥር ቀዳዳው ይጠብባል፤ በመጨረሻም ይደፈንና ከሣልሱ ቅጥያ ጋር ይመሳሰላል። አሁን ወደ ስሞቻችን እንመለስ። «ጌዴኦ» በሚለው ስም ሁለት ቀለበቶች በተከታታይ ይገኛሉ። ቀለበቶቹ ከተደፈኑ የሚነበበው «ጊዲኦ» ነው። «ቡሌ» «ቡሊ» ይሆናል። «ዲላ» በአንጻሩ ቀለበት የለበትም፤ ነገር ግን በዚያው ሰሌዳ ላይ የኀምሱ ቀለበት ተደፍኖ ያየ እንግዳ ሰው «ዲ» የሚለውን አይቶ «ዴ» ይሁን «ዲ» እርግጠኛ የሚሆንበት ምልክት ያጣል። የአገሩ ሰው ስሙን ስለሚያውቅ አይሳሳትም፤ የሚያነበው ከትዝታው ነው። ሰሌዳ የሚጻፈው ግን በተለይ ስሙን ለማያውቀው ሰው ነው።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የበለጠ ትኩረት የሚሹ ምሳሌዎች ከአማርኛ ሰዋስው ይገኛሉ። «ሂጂ» እና «ሄጄ» የሚሉትን ቃላት እንመልከት። የመጀመሪያው ለሴት የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ሁለተኛው ተናጋሪው ስለ ራሱ የሚናገርበት ነው። በጽሕፈት የሚለያቸው ሁለት ቀለበቶች ብቻ ናቸው። «ቤቴ»፣ «ልቤ»፣ «አገሬ»፣ «በልቼ»፣ «ሰምቼ» በሚሉት ቃላትም የመጀመሪያ መደብ ነጠላ የሚገለጸው በመጨረሻው ኀምስ ፊደል ነው። ስለዚህ በአማርኛ የግጥም ተናጋሪው «እኔ» በብዙ ቦታ የሚኖረው በአንዲት ትንሽ ቀለበት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ቀለበቷ ስትደፈን የሚጠፋው ጌጥ አይደለም፤ ተናጋሪው ነው። በተመሳሳይ «በላ» እና «ባላ» የሚለዩት በአንድ እግር ማጠር ሲሆን፣ እግሩ በበቂ ሁኔታ ካላጠረ ግሥ ከስም ጋር ይቀላቀላል።

ከነዚህ ሌላ አናታቸው ላይ ተጨማሪ ጭረት የያዙት «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ጀ» በውፍረት ይጨናነቃሉ። «ኮቸሬ» በሚለው ስም መካከል ያለው «ቸ» የአናቱ ጭረት ከመስቀሉ ክንድ ጋር ከተጣበቀ የሚቀረው አንድ ጥቁር ክምር ነው። ከላይና ከታች መስመር ያላቸው የግዕዝ አኃዞችም እንዲሁ።

ለዚህ ችግር የሚሰጠው መፍትሔ ውፍረትን መተው አይደለም። ጥሩ ንድፍ አውጪ የፊደሉን ዋና ዘንግ ያወፍራል፤ የቀለበቱን ጭረት ግን ከዋናው ዘንግ ያሳሳዋል፤ ቀለበቱን ራሱን ከተለመደው ከፍ አድርጎ ይሠራዋል፤ የፊደሉንም ስፋት ይጨምራል። እዚህ ላይ በጭፍን መመሳሰልን የሚሻው ጂኦሜትሪ ለንባብ ቦታ መልቀቅ አለበት። ጭረቱ ሁሉ በአንድ ልክ ይሁን የሚለው ሕግ ለላቲን የተስማማውን ያህል ለግዕዝ ፊደል አይስማማም።

5. ኮምፒዩተሩ ስለሚፈጥረው ሐሰተኛ ድምቀት

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ በኮምፒዩተር የመጻፉ ነገር ቀላል ሆኗል። ከዚህም ጋር ቀደም ሲል ያልነበረ አንድ እክል መጥቷል።

አንድ የፊደል ቤተሰብ ወፍራም መልክ የሚኖረው ንድፍ አውጪው ለእያንዳንዱ ፊደል ወፍራሙን ቅርጽ ለይቶ ሲሠራ ነው። ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የጉግል ፊደል ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ ዘጠኝ የውፍረት ደረጃዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የተሠራጨው ኒያላ ግን ያለው አንድ መደበኛ ውፍረት ብቻ ነው። ጸሐፊው በኒያላ የጻፈውን ቃል መርጦ የማድመቂያውን ቁልፍ ሲጫን ኮምፒዩተሩ እምቢ አይልም፤ የሌለውን ወፍራም ፊደል ከመደበኛው ላይ ቀለም በመጨመር ይፈጥራል። ይህ ጭማሪ ዘንጉንና ቀለበቱን አይለይም። ሁሉንም በእኩል ስለሚያወፍር ቀለበቱ ከሁሉ ቀድሞ ይደፈናል። በየቢሮው በር፣ በየስብሰባው ጨርቅና በየመመረቂያ ጽሑፉ ሽፋን ላይ ከሚታዩት የተጨፈኑ ፊደላት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ስለሆነም ማንኛውም ጸሐፊ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የሚጠቀምበት ፊደል የራሱ ወፍራም ቅርጽ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል። ከሌለው ርእሱን በማወፈር ፋንታ መጠኑን ማሳደግ ይሻላል።

6. የሚበጅባቸው ቦታዎች

ከላይ የተደረገው ትንተና አንድ ቀላል መመዘኛ ይሰጠናል። ወፍራም ጂኦሜትሪያዊ ፊደል የሚበጀው ቃላቱ ጥቂት፣ መጠኑ ትልቅ፣ የንባቡም ጊዜ አጭር በሆነበት ቦታ ነው። የሚከተሉት ይህን መመዘኛ የሚያሟሉ ናቸው።

ሀ. የመንገድና የቦታ ሰሌዳ። ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሾፌር አንድን ሰሌዳ ለማንበብ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰኮንዶች ነው። ቀጭን ጭረት በፀሐይ ነጸብራቅ፣ በአቧራና በጉም ውስጥ ይጠፋል። በልኩ የወፈረና ቀለበቶቹ ክፍት የሆኑ ፊደል ግን ከሩቅ ይለያል። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1916 ከኤድዋርድ ጆንስተን የተረከበውን ሰሪፍ አልባ ፊደል ለጣቢያ ስሞች መጠቀሙ የተመሠረተው በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ነው፤ መንገደኛ ስሙን በአንድ ዕይታ መያዝ አለበት።

ለ. የቡና ጆንያ። የይርጋጨፌ ስም ከዞኑ አልፎ በዓለም የታወቀው በቡናው ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስከበር ባደረገችው ክርክር በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ ይታወሳል። ስሙ ራሱ ሀብት ነው ማለት ነው። ለውጭ ገበያ የሚወጣ ቡና በተለምዶ በ60 ኪሎ የጆንያ ከረጢት ይሞላል። የጆንያው ሽመና ሻካራ ስለሆነ ቀጭን ጭረት በክሮቹ መካከል ይበጣጠሳል፤ ወፍራም ፊደል ግድ ነው። ጽሑፉ የሚታተመው በተቆረጠ ቆርቆሮ ወይም ካርቶን ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የተዘጋ ሆድ ያላቸው እንደ «ዐ»፣ «ቀ» እና «መ» ያሉ ፊደላት መካከላቸው ተቆርጦ እንዳይወድቅ ድልድይ ያስፈልጋቸዋል። የኀምስ ቀለበትም እንደዚሁ። ድልድዩ የሚቀመጥበት ቦታ ካልታሰበበት «ፌ» ቀለበቱን አጥቶ «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም መጨረሻው ይለወጣል።

ሐ. የቅርስ ሥፍራ ማመልከቻ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እንሰትንና ቡናን ከአገር በቀል ዛፎች ጋር አጣምሮ የሚይዘው የአካባቢው የእርሻ ሥርዓት፣ እንዲሁም እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች የዚህ ቅርስ ክፍሎች ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥፍራ የሚቆም ሰሌዳ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ «እዚህ ነው» ማለት ነው፣ ሌላው ታሪኩን መተረክ ነው። የመጀመሪያው የወፍራም ፊደል ሥራ ነው። ሁለተኛውን ግን ለመደበኛ ፊደል መተው ይገባል። ትረካውም በወፍራም ፊደል ከተጻፈ ጎብኚው ከሁለተኛው መስመር በኋላ ማንበቡን ይተዋል።

መ. የመጽሐፍ ሽፋን፣ የመጽሔት ስምና የምዕራፍ ርእስ። እዚህ ላይ ወፍራም ፊደል የቀዩን ቀለም ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ፊደል ድምፅም እንዳለው መዘንጋት የለበትም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በአደባባይ ጨርቅና በሰልፍ ሰሌዳ ላይ መፈክር የተጻፈው በወፍራም ፊደል ነበር። ይህን ያየ ትውልድ በእንዲህ ያለ ፊደል የተጻፈን ቃል በውስጡ ጮክ ብሎ ይሰማዋል። ለተውኔት ማስታወቂያ፣ ለስላቅ ሥራ፣ ለከተማ ልብ ወለድ ይህ ድምፅ ሊስማማ ይችላል። ለእንጉርጉሮ የግጥም መድበል ግን ሽፋኑ የሚጮኸውንና ውስጡ የሚያንሾካሹከውን ማስማማት ያዳግታል።

7. ሁለት ፊደል በአንድ ሰሌዳ

ጌዴኡፋ በጽሕፈት ታሪኩ ሁለት ፊደላትን አይቷል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ የተጻፈውም እንደሌሎቹ በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ዞኑ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ስለዚህ አንድ የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ስም በሁለቱም ፊደላት ጎን ለጎን ወይም ከላይና ከታች ሆኖ ይጻፋል፤ እንግሊዝኛ ሲጨመር ደግሞ ሦስት ቋንቋ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ የውፍረት ጥያቄ የውበት ጥያቄ ብቻ መሆኑ ይቀራል። አንዱ ፊደል ወፍራምና ጉልህ፣ ሌላው ቀጭንና ደብዛዛ ሆኖ ሲጻፍ ተመልካቹ የሚያነበው ስሙን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቋንቋ እንደተከበረና የትኛው ለወጉ ያህል እንደተጨመረም ያነባል። ጸሐፊው እንዲህ ሊል አስቦ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ለላቲኑ ጥሩ ወፍራም ፊደል ሲገኝ ለግዕዙ ባለመገኘቱ፣ ወይም በተቃራኒው ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው።

ሁለቱን ለማስማማት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ ርዝመታቸው አይመጣጠንም። «ዲላ» በግዕዝ ፊደል ሁለት፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አምስት ፊደል ነው። «ኮቸሬ» ሦስት ሲሆን በእንግሊዝኛ ሰባት ነው። «ይርጋጨፌ» አምስት ሲሆን በእንግሊዝኛ 11 ይሆናል። በጌዴኡፋም ረጅም አናባቢ ፊደሉን በመድገም ስለሚጻፍ የላቲኑ መስመር ይረዝማል። አንዳንድ ሰሌዳ ጸሐፊዎች የግዕዙን መስመር ከላቲኑ ጋር እኩል ለማድረግ ፊደሉን ወደ ጎን ይለጥጡታል። ይህን ማድረግ ክቡን ሞላላ፣ ቋሚውን ዘንግ ከአግዳሚው የወፈረ ያደርገዋል፤ የጂኦሜትሪያዊ ፊደል ውበትም እዚያው ያበቃል። የሚሻለው የግዕዙን ፊደል በቁመቱም በስፋቱም በእኩል ማሳደግ ነው። አጭር መሆኑ ጉዳት ሳይሆን በዚያው ስፋት ውስጥ የበለጠ ትልቅ ሆኖ ለመጻፍ የተገኘ ዕድል ነው።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ዝርዝራቸው አይመጣጠንም። የላቲኑ ትልቅ ሆሄ በአንድ ፊደል ውስጥ ከሁለትና ከሦስት ጭረት ብዙም አይበልጥም። የግዕዙ ፊደል በዚያው ቁመት ውስጥ አካሉን፣ የአናቱን ጭረትና የአናባቢውን ምልክት መሸከም አለበት። ስለሆነም ሁለቱም በቁጥር እኩል ውፍረት ቢሰጣቸው የግዕዙ ጠቁሮ ይታያል። እኩል መስለው እንዲታዩ ከተፈለገ የግዕዙ ጭረት በጥቂቱ መሳሳት አለበት።

ሦስተኛ፣ በላቲኑ ትንሹ ሆሄ አንዳንድ ፊደል ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ወደ ታች ስለሚወጣ መስመሩ ወጣ ገባ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን አብዛኛው በአንድ ቁመት ስለሚሄድ መስመሩ እንደ ግንብ ደልደል ብሎ ይታያል። በፊደላትና በቃላት መካከል በቂ ክፍተት ካልተሰጠው ወፍራሙ ግንብ ይገጥማል። በጥንቱ ጽሕፈት ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ይህንን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሥራው የባዶ ቦታው ብቻ ስለሆነ ባዶው ቦታ ሊነፈግ አይገባም።

8. የማይበጅባቸው ቦታዎች

ወፍራም ጂኦሜትሪያዊ ፊደል ለተከታታይ ንባብ አይበጅም። በልብ ወለድ፣ በድርሰትና በጥናታዊ ጽሑፍ አካል ውስጥ ፊደሉ ትንሽ ስለሚሆን ቀለበቶቹ ይደፈናሉ፤ ገጹም ይጠቁራል። ሻካራ ወረቀት ላይ ሲታተም ቀለሙ ስለሚሰፋ፣ ፎቶ ኮፒ ሲደረግም ጥቁሩ ስለሚጨምር ጉዳቱ ይባባሳል። ተማሪዎቻችን ብዙ ጽሑፍ የሚያነቡት ከቅጂ ቅጂ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለግጥም ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ግጥም እያንዳንዱን አናባቢ ይፈልጋል፤ ቤት መምቻው ብዙ ጊዜ የተመሠረተው በመጨረሻው ፊደል ላይ ነውና። አንባቢ በስድ ንባብ የተደፈነን ፊደል ከዐረፍተ ነገሩ ሐሳብ ገምቶ ሊያልፍ ይችላል፤ በግጥም ግን ያልተጠበቀው ቃል ራሱ የገጣሚው ዓላማ ሊሆን ስለሚችል ግምት አያዛልቅም።

ለፊደል ገበታና ለታችኛው ክፍል መማሪያ መጽሐፍም እንዲሁ አይበጅም። ልጅ ገና ሣልስን ከኀምስ መለየት እየተማረ ሳለ ልዩነቱን የሚያደበዝዝ ፊደል መስጠት ትምህርቱን ማክበድ ነው።

በመጨረሻም በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ቃላትን ማወፈር ምንም ቃል እንዳላወፈሩ ይቆጠራል። ውፍረት የሚያጎላው በዙሪያው ያለው ቀጭን ሲሆን ነው።

9. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበውን ባጭሩ ለመጠቅለል፣ ወፍራም ጂኦሜትሪያዊ ፊደል በመልኩ ጠንካራ፣ በሥራው ጠቃሚ ነው። የግዕዝ ፊደል ክብና ቀጥተኛ አካላት ስላሉት ይህን መልክ ያለ ችግር ይቀበላል። ትልቅ ሆሄ ስለሌለውም ከላቲኑ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ነገር ግን አናባቢው በፊደሉ ትንሽ አካል ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ ከላቲን የተወሰደን የውፍረት ልክ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም።

ስለዚህ ለሰሌዳ ጸሐፊ፣ ለመጽሔት አዘጋጅና ጽሑፉን ራሱ ለሚያሰናዳ ተማሪ አንድ ቀላል መፈተኛ እናቀርባለን። የመረጠውን ወፍራም ፊደል «ጌዴኦ» እና «ጊዲኦ»፣ «ሂጂ» እና «ሄጄ» ብሎ በታሰበው መጠን ይጻፍበት። ከዚያም አንባቢው ሊቆም ከሚችልበት ርቀት ሆኖ ዐይኑን ጨፈን አድርጎ ይመልከት። ጥንዶቹ ከተለዩ ፊደሉ ለዚያ ቦታ ይበጃል። ካልተለዩ መጠኑን ማሳደግ ወይም ውፍረቱን መቀነስ ይኖርበታል።